ሦስት ቀን ማንም ያልፈለገው ዝነኛ፦ ግሌን ሚለር እንዴት ጠፋ?

ዲሴምበር 18 ቀን 1944። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) የአሜሪካ ጦር ማመላለሻ አውሮፕላኖች ከእንግሊዝ ተነስተው ፓሪስ አጠገብ አረፉ። የወረዱት ወታደሮች የትሮምቦን፣ የሳክስፎንና የቫዮሊን ሳጥን ተሸክመዋል። ለገና በዓል ለጦሩ ሊጫወቱ ነው የመጡት። አለቃቸው፣ ሙዚቀኛው ሻለቃ ግሌን ሚለር፣ ከሦስት ቀን በፊት ቀድሟቸው ሄዷል። ሁሉን አሰናድቶ የሚጠብቃቸው እሱ ነበር።

ሰውየው የለም።

ሚለርን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ልቡ ድንግጥ ማለቱ አይቀርም። ቀጠሮ የሚያከብር፣ ሰው ሲያረፍድበት ፊቱ የሚቀያየር፣ ጥብቅ አለቃ ነበር። ፓሪስ ያለ ሰው ሲጠየቅ አላየሁትም ይላል። እንግሊዝ ያለው ደግሞ ፓሪስ የደረሰ መስሎት ተቀምጧል። በዘመኑ ከአሜሪካ ታላላቅ ዝነኞች አንዱ የነበረ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ጠፍቶ "የት ገባ?" ያለ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው "እንዴት ሞተ?" ብሎ ነው። ለእኔ ግን የበለጠ የምትገርመው ያቺ ሦስት ቀን ናት። እሷ ስትገባን ስለ ሚለር ከሚወራው ወሬ ግማሹ በራሱ ይረግፋል።

በመጀመሪያ ሰውየውን እንወቀው።

ሙሉ ስሙ አልተን ግሌን ሚለር ነው። በ1904 አዮዋ ግዛት ውስጥ ክላሪንዳ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ኑሮ ፍለጋ ከቦታ ቦታ ሲንከራተት አደገ፤ ነብራስካ፣ ሚዙሪ፣ ከዚያ ኮሎራዶ። የመጀመሪያ ትሮምቦኑን የገዛው ላም እያለበ ባጠራቀማት ገንዘብ ነው ይባላል። ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ልቡ ክፍል ውስጥ አልነበረም። በአንድ ሴሚስተር ከአምስት ትምህርት ሦስቱን ወደቀ። ትቶት ወጣ፣ ባንድ ገባ።

ትሮምቦን ሲነፋ ጎበዝ ነበር፤ ከጎበዞቹ ሁሉ የላቀ ግን አልነበረም። በቤን ፖላክ ባንድ ሳለ ጃክ ቲጋርደን የሚባል ልጅ መጣና ያንኑ መሣሪያ ሲነፋው ሚለር ነገሩ ገባው። በመንፋት እንደማይበልጠው አወቀ። ስለዚህ ወደ ቅንብር ዞረ። የትኛው መሣሪያ መቼ እንደሚገባ፣ ማን ከማን በላይ እንደሚሰማ ወረቀት ላይ የሚወስነው ሰው ሆነ። የኋላ ኋላ ዝናውን ያገኘውም በዚሁ ነው።

ለእኛ አንባቢ ቢግ ባንድ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የክቡር ዘበኛን፣ የፖሊስንና የምድር ጦርን ኦርኬስትራዎች አስቡ። ጥላሁን ገሠሠ ከፊት ቆሞ ሲዘፍን ከኋላው በመደዳ የተቀመጡት ትራምፔት፣ ትሮምቦንና ሳክስፎን ነፊዎች፤ ነገሩ ያ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ መጨረሻ ሕዝቡ የሚደንሰው በእንዲህ ያለ ባንድ ነበር። ሙዚቃው ስዊንግ ይባላል።

ችግሩ ባንዱ ብዙ መሆኑ ነው። የሚለር የመጀመሪያ ባንድ በ1937 ተቋቁሞ ዓመት ሳይሞላው ፈረሰ። ከሌላው የሚለይበት ነገር አልነበረውም። ሬዲዮ የከፈተ ሰው ማን እየተጫወተ እንደሆነ መለየት አይችልም። ሚለር ባዶ ኪሱን ቤቱ ገባ። በ1938 እንደገና ሲነሳ አንድ ብልሃት ይዞ መጣ።

ይቺን ብልሃት ቀረብ ብለን እንያት። በተለመደው ባንድ ውስጥ ሳክስፎኖች አብረው ሲጫወቱ ከላይ ሆኖ ዜማውን የሚመራው አልቶ ሳክስፎን ነው። ሚለር ያንን ወንበር ለክላርኔት ሰጠው። ያንኑ ዜማ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ቴነር ሳክስፎን ይከተላል። የቀሩት ሦስት ሳክስፎኖች በሁለቱ መካከል ያለውን ቦታ ይሞሉታል። እናት በቀጭን፣ አባት በወፍራም ድምፅ አንድ መዝሙር ሲዘምሩ፣ ልጆች ደግሞ መሐል ገብተው ሲያጅቡ እንደማለት ነው። ድምፁ ለስለስ ይላል፣ ግን ከሩቅ ይለያል። "ሙንላይት ሴሬናድ" የተባለው መለያ ዜማው ሲጀምር ሁለት ኖታ ሳይሞላ "ይሄ ሚለር ነው" ይባል ጀመር። የፈለገው ይህንኑ ነበር።

በ1939 በጋ ኒው ሮሼል በሚገኘው ግሌን አይላንድ ካዚኖ ተቀጠረ። ደሞዙ ብዙም አልነበረም። ግን ከዚያ በቀጥታ በሬዲዮ ይተላለፍ ስለነበር ባንዱ አገር ምድሩ ቤት ገባ። "ኢን ዘ ሙድ" የተሰኘውን ሥራ ሳታውቁት ሰምታችሁታል። አንድ አጭር ሐረግ ይደጋገማል፣ ይደጋገማል። በየዙሩ ድምፁ እየቀነሰ ይሄዳል። አለቀ ብላችሁ ወደ ወንበራችሁ ስታመሩ እንደገና በሹክሹክታ ይመጣል። ከዚያ መላው ባንድ በአንዴ ይፈነዳል። ሰውን በድምፅ ማነስ ማስጨነቅ፤ ጮሌ ሰው ነበር።

በ1942 ፌብሩዋሪ ላይ "ቻታኑጋ ቹ ቹ" የተባለው ሸክላው 1.2 ሚሊዮን ቅጂ በመሸጡ ኩባንያው አንድ ሸክላ የወርቅ ቀለም ቀብቶ በሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ሸለመው። ዛሬ የምናውቀው "የወርቅ ሸክላ" የሚባለው ልማድ የጀመረው ከዚያ ነው።

እዚህ ጫፍ ላይ ሳለ ሁሉን ትቶ ወታደር ሆነ። 38 ዓመቱ ነበር። ባለትዳር ነው። በግድ የሚወስደው አልነበረም። መጀመሪያ ባሕር ኃይሉን ጠየቀ፣ አልተቀበሉትም። ከዚያ ለምድር ጦሩ ደብዳቤ ጻፈ። የጦሩን ሙዚቃ ዘመናዊ ላድርግላችሁ አለ። ተቀበሉት። ሴፕቴምበር 1942 ላይ የመጨረሻ ኮንሰርቱን ሰጥቶ ባንዱን በተነ፣ የሻምበልነት ማዕረግ ለበሰ።

የጦር ሙዚቃ ሰዎች ሁሉ በእልልታ አልተቀበሉትም። የወታደር ማርሽ ላይ የስዊንግ ምት ሲጨምርበት የጥንቱ ሰዎች ተቆጡ። አንድ መኮንን "ባለፈው ጦርነት የድሮው ማርሽ በቅቶን ነበር" ቢለው፣ ሚለር "አውሮፕላኑም የዚያን ጊዜው ነው እንዴ?" ብሎ መለሰለት ይባላል። ብቻ በጊዜ ብዛት ትልቅ የአየር ኃይል ኦርኬስትራ አደራጀ። ቫዮሊኖች ሳይቀሩ ነበሩበት።

በ1944 ጁን መጨረሻ ለንደን ደረሱ። የሰፈሩበት አካባቢ ጀርመኖች ቪ-1 የሚባለውን በራሪ ቦምብ የሚያዘንቡበት ነበር። ሚለር ሰዎቼን ከዚህ አውጡልኝ ብሎ ነዘነዘ። ጁላይ 2 ወደ ቤድፎርድ ተዛወሩ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ቦምብ እነሱ በለቀቁት ሰፈር ላይ ወድቆ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮችን ገደለ። በአንድ ቀን ነው ያመለጡት።

ቤድፎርድን ማዕከል አድርገው እንግሊዝን ዞሩ። የአውሮፕላን መጠገኛ ውስጥ፣ ሜዳ ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ ተጫወቱ። ለጀርመን ወታደሮች የሚተላለፍ ፕሮግራምም ቀረጹ። ሚለር ጀርመንኛ አያውቅም። የተጻፈለትን ቃል በቃል እያነበበ ከጀርመንኛ ተናጋሪዋ አቅራቢ ጋር ተነጋገረ። ናዚዎቹ ጃዝን ያንቋሽሹ ስለነበር ነገሩ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

በኦገስት ፓሪስ ነፃ ወጥታ ነበር። ባንዱም ወደዚያ እንዲዛወር ተፈቀደ። እንግዲህ ወደ ያቺ ሦስት ቀን መጣን።

ዲሴምበር አጋማሽ ላይ የእንግሊዝ ሰማይ ተደፍኖ ነበር። ጉም፣ ዝናብ፣ ዝቅ ያለ ደመና። መደበኛው የጦር በረራ ይሰረዛል፣ ይራዘማል። ሚለር ባንዱ ከመድረሱ በፊት ፓሪስ ገብቶ ሁሉን ማስተካከል አለበት፤ እየጠበቀ ተቃጠለ። በዚህ መሐል ኖርማን ቤሴል የሚባል ሌተና ኮሎኔል ለራሱ ጉዳይ በትንሽ አውሮፕላን ፓሪስ ሊሄድ እንደሆነ ተሰማ። ወንበር አለ፣ ትሄዳለህ? ተባለ። ሚለር እሺ አለ።

የሰውየው ዕጣ የተወሰነው እዚህ ላይ ነው። ሚለር በእጁ የነበረው ትእዛዝ በመደበኛ የጦር በረራ እንዲሄድ የሚፈቅድ ነው። ይሄኛው ግን በአገራችን አነጋገር "ሊፍት" ነበር። አለቆቹ ተሳፈረ ብለው አያውቁም። ስሙን መዝግቦ ፓሪስ ላይ የሚጠብቅ ቢሮ የለም። ለባንዱ አባላት ቀጠሮ ሲያዛባ የማይምር ሰው፣ ራሱ ከመዝገብ ውጭ ሄደ።

ዲሴምበር 15፣ በእኛ ታኅሣሥ 6 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ቤድፎርድ አጠገብ ያለችው የትዊንውድ ፋርም አየር ማረፊያ። ብርድ ነው፣ ደመናው ዝቅ ብሏል። አብራሪው ጆን ሞርጋን ባለ አንድ ሞተር ኖርስማን አውሮፕላን ይዞ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ዶን ሄይንስ ሊሸኛቸው ቆሟል። ሄይንስ በኋላ እንዳወራው፣ መብረር የማይወደው ሚለር ወደ ውስጥ አይቶ ፓራሹቱ የት አለ ብሎ ጠየቀ። ቤሴል ደግሞ ለዘላለም ልትኖር አስበሃል ወይ ብሎ ቀለደበት። ከቀኑ 7 ሰዓት ከ55 ላይ፣ በእነሱ 13፡55፣ ተነሱ። ደመናው ዋጣቸው።

በማግስቱ፣ ዲሴምበር 16፣ ጀርመኖች በአርዴን ጫካ በኩል ያልተጠበቀ ከባድ ማጥቃት ከፈቱ። የጦሩ ሹማምንት ዓይንም ጆሮም ወደዚያ ዞረ። አንዲት ከመዝገብ ውጭ የሄደች ትንሽ አውሮፕላን ትዝ የምትለው ሰው አልነበረም። ሄይንስና ባንዱ ዲሴምበር 18 ቀን ፓሪስ ገብተው አለቃችንስ ሲሉ ነው ነገሩ የፈላው። ለባለቤቱ ለሄለን ከተነገራት በኋላ በገና ዋዜማ፣ ዲሴምበር 24፣ መጥፋቱ ለሕዝብ ይፋ ሆነ። ከጠፋ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

ታዲያ አውሮፕላኑን ምን አገኘው? በጃንዋሪ 1945 የጦሩ አጣሪ ቡድን ተሰብስቦ መጥፎ አየር፣ የሰው ስህተትና የሞተር ብልሽት ተደራርበው አውሮፕላኑ የእንግሊዝ ቻናል ላይ፣ ማለትም እንግሊዝንና ፈረንሳይን በሚለየው ባሕር ላይ፣ ሳይወድቅ አልቀረም ብሎ ደመደመ። ከሁሉ ተጠርጣሪው ካርቡሬተሩ ነው።

ካርቡሬተር አየርንና ነዳጅን የሚቀላቅል ክፍል ነው። መርፌ ልትወጉ ስትሉ ነርሷ አልኮል የነካ ጥጥ ክንዳችሁን ስታሻሽ የሚሰማችሁን ቅዝቃዜ አስታውሱ። አልኮሉ ሲተን ሙቀት ከቆዳችሁ ይወስዳል። ቤንዚንም ካርቡሬተር ውስጥ ሲተን እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ አየሩ በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ከውጭው አየር 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊወርድ ይችላል። የዚያን ቀን ውጭው ራሱ ወደ ዜሮ የተጠጋ፣ እርጥበት የሞላበት ነበር። እርጥበቱ ጉሮሮው ላይ በረዶ ይሠራል። በረዶው ሲወፍር አየር ያጥራል። ሞተሩ ያስላል፣ ይዝላል፣ ጸጥ ይላል።

ከፍ ብሎ የሚበር አብራሪ ሞተሩን ለማስነሳት ጥቂት ደቂቃ አለው። ሞርጋን ግን ከደመናው ሥር ለመቆየት ዝቅ ብሎ ይበር እንደነበር ይታመናል። ሌላ ሞተር የለውም። ጎማው የማይታጠፍ ስለሆነ ውሃ ሲነካ አውሮፕላኑ ይገለበጣል። የዲሴምበር ባሕር ውስጥ ደግሞ ሰው ብዙ አይቆይም። ስብርባሪው ለምን አልተገኘም ለሚል፣ ኖርስማን ክንፉ እንጨት፣ አካሉ በብረት ቧንቧ ላይ የተወጠረ ሸራ ነበር። ከ80 ዓመት በኋላ ከሞተሩ በቀር ባሕሩ የሚተወው ብዙ ነገር የለም።

በቃ ይኼው ነው። ግን ለዚህን ያህል ዝነኛ ሰው እንዲህ ተራ የሆነ አሟሟት አይዋጥም። ዘጠኝ ቀን ዝምታ ሲጨመርበት ወሬው ተወለደ።

ቁም ነገር ያለበት አንድ መላምት አለ። በዚያኑ ቀን ከ100 በላይ የብሪታንያ ላንካስተር ቦምብ ጣዮች የጀርመኗን ዚገን ከተማ ሊመቱ ወጥተው ነበር። አጃቢዎቻቸው በአየሩ ምክንያት መነሳት ስላልቻሉ ተመለሱ ተባሉ። ቦምብ ተሸክሞ ማረፍ አደገኛ ነው። ስለዚህ ለዚሁ በተከለለ የቻናሉ ክፍል ላይ ዘርግፈው ይመለሳሉ። ፍሬድ ሾው የተባለ የአንዱ ላንካስተር ናቪጌተር (የበረራ መስመር ጠቋሚ) በ1984፣ ከሥሬ አንድ ኖርስማን ባሕር ውስጥ ሲገባ አይቻለሁ ብሎ ተናገረ። ሾው ካናዳ ሲሠለጥን ኖርስማንን በደንብ ያውቀው ስለነበር ብዙ ሰው አመነው።

ክርክሩ ያለው አንዲት ሰዓት ላይ ነው። የሁለቱ በረራዎች መዝገብ በአንድ ዓይነት ሰዓት ከተጻፈ ላንካስተሮቹ ቦምቡን የጣሉት ሚለር ገና ቻናሉ ጋ ሳይደርስ ነው። አንደኛው በግሪንዊች፣ ሌላኛው በአገሬው ሰዓት ከተጻፈ ግን ይገጣጠማሉ። ከፈረንጅ ጋር "በሁለት ሰዓት" ተቀጣጥሮ ስድስት ሰዓት የቆመ ሐበሻ ይህ ክርክር ቶሎ ይገባዋል። በኋላ መዝገቡን የመረመሩ ተመራማሪዎች ሰዓቱ አንድ ዓይነት ነበር ብለው ላንካስተሮቹን ነፃ አውጥተዋል።

ሌላም ማስረጃ ብቅ አለ። ሬዲንግ አካባቢ በላዩ የሚያልፉ አውሮፕላኖችን እየቆጠረ ደብተር ላይ የሚጽፍ የ17 ዓመት ልጅ ነበር። ደብተሩ ከብዙ ዓመት በኋላ በ2012 በቴሌቪዥን ታየ። በዚያ ቀን ገጽ ላይ ኖርስማን ተመዝግቧል። ያ የሚለር አውሮፕላን ከሆነ ከለንደን በስተ ምዕራብ በተለመደው መስመር ነው የሄደው፤ ከቦምብ መጣያው ርቆ ማለት ነው። የጎረምሳ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ የጦር መዝገብ ያልመለሰውን ሲመልስ ደስ ይላል።

የቀረው ወሬ ብዙም አያመራምርም። ፓሪስ ደርሶ ሴተኛ አዳሪ ቤት ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ ተባለ። ሰላይ ነበር ተባለ። የገዛ ወንድሙ በ1980ዎቹ፣ በሳንባ ካንሰር ሆስፒታል ውስጥ ነው የሞተው አለ። ለአንዱም ሰነድ አልቀረበም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሚለር ፓሪስ ከደረሰ ሞርጋንና ቤሴልስ? ሦስት ሰው ነው የተሳፈረው። እነሱም ከዚያን ቀን በኋላ አልታዩም። ወሬውን የፈጠሩት ሰዎች ግን ሁለቱን ረስተዋቸዋል።

ባንዱ አልተበተነም። በጄሪ ግሬይና በሬይ መኪንሊ መሪነት ለገና እንደታቀደው ተጫወተ፣ ጦርነቱ እስኪያልቅም ቀጠለ። ሄለን በማርች 1945 የባሏን የብሮንዝ ኮከብ ሜዳሊያ ተቀበለች።

ካምብሪጅ አጠገብ ማዲንግሊ በተባለ ቦታ የአሜሪካ ወታደሮች መካነ መቃብር አለ። አስከሬናቸው ላልተገኘ ከ5,000 በላይ ሰዎች ረጅም የድንጋይ ግንብ ተሠርቶላቸዋል። ስሞቹ በፊደል ተራ ተቀርጸዋል። የጦሩ መዝገብ የመጀመሪያ ስሙን ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ግሌን ብሎ የሚፈልግ ጎብኚ አያገኘውም። የተጻፈው "አልተን ጂ. ሚለር" ተብሎ ነው።